ለሽንኩርቱ ሱሁር

በኬሚስትሪ ተመርቄ ወደ ከሚሴ ስመለስ ሥራ አልነበረኝም፤ የነበረኝ አንድ ሐሳብ ብቻ ነው። ተልባ ፈልቶ ሲጠለል የሚወጣውን ዝልግልግ ከስታርችና ከሎሚ አሲድ ጋር አብስዬ፣ ዩሪያ አጠጥቼ አድርቄ እንደ ሽምብራ ብቆራርጠው፣ ከሽንኩርት ሥር አጠገብ ሲቀበር ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ከዚያ ውኃውንም ማዳበሪያውንም ቀስ እያለ ይለቃል። እኛ ጨፋ ሜዳ ላይ ማሳችንን በቦርከና ወንዝ ውኃ የምናጠጣው በተራ ነው። ተራችን በደረሰ ቁጥር አባቴ የበተነው ዩሪያ ግማሹ ተጠርጎ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ጎረቤታችን ማዳበሪያ ገዝቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ሽንኩርቱ ግን ከእኛ ይበልጣል።

አባቴን ለሙከራ የለመንኩት አራት ትልም ነው። «አራት ትልም በንፍጥ ላበላሽ?» አለኝ። እናቴና እህቶቼ ደግፈውኝ ሲጮኹበት ሳቅ ብሎ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» አለና ወሬውን ዘጋው። አባቴን በነገር የሚረታ ሰው ገና አልተወለደም። እኔም ግትር ነኝ፤ የሱ ልጅ አይደለሁ? ግን ግትርነት ያለ መሬት ምን ያበቅላል? ችግኝ የሚዛወርበት ጊዜ ደርሷል፤ ያ ካለፈ እስከሚቀጥለው ዓመት እጄን አጣጥፌ መቀመጤ ነው።

ረመዳን ነበር። አንድ ቀን ተልባውን አፍልቼ አጠለልኩና እንዲቀዘቅዝ በጆግ ኩሽና ውስጥ አስቀምጬ ስታርች ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ አዛን ብሏል፤ ቤተሰቡ ተምር ቀምሶ ጆጉን እያዞረ ነው። እናቴ ማር ጨምራበታለች! በረመዳን ኩሽና የተቀመጠ ተልባ ለማፍጠሪያ ካልሆነ ለምን ይሆናል? ዩሪያ የነካው እንዳይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ዩሪያው ገና ከነከረጢቱ ጓሮ መሆኑን ሳስታውስ ተነፈስኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ። የነበረኝ ተልባ ያ ብቻ ነበር።

«ምን አጠፋሁ ልጄ? ዛሬስ የሚጠቅም ነገር ሠራች ብዬ እኮ ነው» አለች እናቴ። አባቴ ደግሞ የተረፈውን ጎህ ሳይቀድ ለሚበላው ሱሁር አስቀምጡልኝ አለ።

በማግስቱ ሲኮተኩት ውሎ ከቀትር በኋላ ከሚሰገደው የአስር ሶላት መልስ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ኢንታላ ኮ» አለኝ። «ልጄ»ን በኦሮምኛ ካለኝ ልቡ ለስልሷል ማለት ነው። «ዛሬ ወላሂ ጥም የሚባል አላወቅኩም። ያ ተልባ ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ሲያጠጣኝ ዋለ።»

«እኔስ ምን አልኩህ አባ?»

አባቴ ጉልበቱን መታ። «ሽንኩርቱን ሱሁር ልታበዪው ነዋ! ታዲያ እንዲህ አትዪኝም?»

ስንት ቀን ጄል፣ ሞለኪውል እያልኩ ያላስረዳሁትን በአንድ ቃል ጨረሰው። ትልሞቹን ያኔውኑ ሰጠኝ፤ ተልባም ራሱ ከጨፋ ሮቢት ገበያ ገዛልኝ።

በዚያ ወቅት የውኃ ተራችን አንዴ ተዘለለ። የሌላው ሽንኩርት ጫፍ ሲቃጠል የእኔ ሦስቱ ትልም ለምለም እንዳለ ቆየ። አራተኛውን አጥልቄ ቀብሬው ስለነበር ምንም አልተሻለም፤ ይህን አልደብቅም። ከጁምዓ በኋላ ሰዎች ሊያዩ ሲመጡ አባቴ ዩኒቨርሲቲ እንደተማረ ሰው ያስረዳ ጀመር። እኔ ከኋላ ቆሜ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

አባቴ በእርሻ ነገር ማንንም ጠይቆ አያውቅም፤ የገዛ ታላቅ ወንድሙን እንኳ። በቀጣዩ ወቅት በሬዎቹን ጠምዶ የማሳው ጫፍ ላይ ቆመና ጠራኝ።

«ከየት ልጀምር?» አለኝ።