እልልታ ለሚታሊ እናት

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ኖርክሮስ፣ አሜሪካ

መኪናዬን ሳስነሳ እማዬ ነጠላዋን ደርባ ደጅ ድረስ ወጣች። «ሰው ማክበር ደግ ነው፤ ግን ለጣዖት እልል ብለሽ እንዳትመጪ!» አለችኝ። እኔስ የፈራሁት ምን ሆነና!

የሥራ ባልደረባዬ ሚታሊ ህንዳዊት ናት፣ የቤንጋል ልጅ። ልጄን ክርስትና ያስነሳሁ ቀን እልልታችንን ስትሰማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ለካ በእነሱም ገጠር የሂንዱ በዓል ያለ ሴቶች እልልታ አይደምቅም! በመንደራቸው የሚያስጀምሩት፣ አሁን እዚህ አብረዋት የሚኖሩት እናቷ ነበሩ። ዘንድሮ ግን ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ድምፃቸው ጠፋ። «በዘንድሮው በዓል አንቺ በይልን» ብላ ለመነችኝ። «በመኪናዬ ራይድ እሰጣችኋለሁ፤ ለእልልታው ግን ቃል አልገባም» አልኳት።

ጠዋት፣ መንገድ ላይ

እነሚታሊ ሰፈር፣ ፒችትሪ ኮርነርስ ሄጄ ጫንኳቸው። እናትየው ጠርዙ ቀይ የሆነ ነጭ ሳሪ ለብሰዋል፤ የእኛን ጥለት ቁርጥ! መንገዱን ሙሉ የኮኮናት ጣፋጭ ሲያጎርሱኝ ሄድን። ከሀይዌይ ስንወርድ የላም በረትና ጥድ ብቻ ሆነ።

ረፋድ፣ እርሻው

በዓሉ የሚከበረው ከገበሬ በተከራዩት መስክ ነው። ሣሩ ላይ ፓርክ አደረግኩ። ከበሮው ደረት ይመታል፤ ደወሉ ያቃጭላል፤ የዛጎሉ መለከት ሲነፋማ ላሞቹ ሁሉ ቀና አሉ።

የአምላካቸው ምስል ከድንኳኑ ሲወጣ ከበሮው ቆመ። ተራው የሴቶቹ ነው። ወጣቶቹ ሞከሩ፤ አሜሪካ ያደጉ ናቸውና ምላሳቸው እምቢ አለ፤ የወጣው ሳቅ ብቻ ነው። እናትየው አፋቸውን ከፈቱ። ምላሳቸው ይርገበገባል፣ ድምፅ ግን የለም። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

ኧረ እኔ አልችልም! ፊቴን ከምስሉ መልሼ ወደ እርሳቸው አዞርኩና እልልልል! አልኩት፤ እንደ ልማዴ ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ወጣቶቹም እንደምንም ተቀበሉኝ፣ ከበሮውም ተነሳ። እናትየው መዳፋቸውን ጉሮሮዬ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ይህን ድምፅ ለሰጠኝ አምላክ ተመስገን አልኩ፤ እስከ ዛሬ ስለ እሱ አመስግኜ አላውቅም ነበር።

ማታ፣ ቤት

እማዬ ሳትተኛ ጠበቀችኝ።

«እልል አልሽ?»

«አልኩ።»

«ለማን?»

«ድምፃቸውን ላጡ እናት።»

«ስንቴ?» አለችኝ።

«ሦስቴ።»

«እንግዲያስ ሥላሴ ሰምተዋል» አለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «የእናትየውን ድምፅ ይመልሱላቸው።»