በባዶ እግሩ የሚሞርድ ሰው

ከቀበሌ የስኳር ሰልፍ ስመለስ፣ ኮልፌ መንገድ ዳር ሁልጊዜ አየዋለሁ። የሟች ሚስቱን የስፌት መኪና መንኮራኩር ከብስክሌት ቸርኬ ጋር በሰፊ ቺንጋ አገናኝቶ፣ ቺንጋው ላይ የብርጭቆ ወረቀት ለጥፎ፣ ከመኪና ባሌስትራ የሠራውን ቢላዋ ይሞርድበታል። መርገጫውን ከመንካቱ በፊት ጫማውን ያወልቃል። የእሷ እግር ያረፈበት ቦታ ላይ ብረቱ ተፍቆ ስስ ሆኗል፤ እሱም እዚያው ላይ ይረግጣል። ብልጭታው እንደ ጥለት ክር ሲመዘዝ ቀሚስ የሚሰፋ ይመስለኛል።

ዛሬ ባለልኳንዳው ደንበኛው መንኮራኩሩን የሚያዞርለት አሮጌ ሞተር ተሸክሞለት መጣ።

«ስጦታ ነው፣ ጋሼ! አገር በሞተር ሲሄድ እርስዎ እስከ መቼ በእግር?»

ሰውየው የሚያመውን ጉልበቱን እያሸ ሞተሩን አየው፤ በስስት ነካ አደረገው።

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ። ይሄ ከገባበት ግን እሷ ትወጣለች።»

ከዚያም ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።