የጳጳሱ ተዝካር

ወረታ ገበያ ሩዝ የምትሸጠው የገበዙ ሚስት ይርገዱ፣ ባዕዱን ሽማግሌ ከጫማቸው ጀምራ ገመገመቻቸው። ጥቁር ቀሚስ፣ ሐምራዊ መቀነት፣ የወርቅ ቀለበት፤ ማተብ ግን የለም። ሠላሳ ዓመት የካቶሊክ ጳጳስ ሆነው ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የትውልድ አገራቸው ፎገራ ትዝ ያላቸው እኒህ መሆናቸውን ወሬው ቀድሞ ነግሯታል። ሰው ባለፈ ቁጥር መስቀላቸውን ከኪሳቸው ብቅ ያደርጋሉ፤ የሚሳለም ሲጠፋ መልሰው ይከቱታል።

“ባልሽን ጠይቂልኝ፤ ከእናቴ አጠገብ ያስቀብረኝ ይሆን?” አሏት።

“እናትዎማ፣ ሃይማኖትዎን በለወጡ ጊዜ ‘ልጄ ሞተ’ ብለው ተዝካርዎን አውጥተዋል። ሁለቴ አይቀበሩም፣ አባቴ።”

ቀለበታቸውን አዟዟሩ። “ሰው መጥቶ ነበር?”

“ከድግሱ የቀረ የለም፤ እኔም በልጅነቴ ጠግቤ በልቻለሁ” አለች ሩዟን እየሰፈረች። “ያለቀሰ ግን አላየሁም።”