ከአልጋዬ ሥር የነበረው ጤፍ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ደፍሬ አልተናገርኩም። ዛሬ ግን ልቤ ይዘላል፤ አፌ አልዘጋ አለኝ! እናንተ ፊት ልጀምረው።

ዋሽቻለሁ። እኔ፣ የመድኃኔ ዓለም ማኅበርተኛ፣ በጽዋው ዋሽቻለሁ። መንገድ ተዘግቶ ጎንደር ላይ እህል በጠፋበት ሰሞን የመደገሱ ተራ የእኔ ነበር። ወንድሜ መንገዱ ሳይዘጋ ከማክሰኝት የላከልኝ ግማሽ ኩንታል ጤፍ አልጋዬ ሥር ተጋድሟል። ታዲያ ምን አልኩ? «ታምሜያለሁ፣ አልችልም» ብዬ ላክሁ። ለሃያ ሰው ከምቆርስ ለራሴ ይሁን አልኩ። ሆዴን አመለክሁ እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ጽዋውን በእኔ ፈንታ ማኅበርተኛችን እትዬ ወርቄ አነሱት። ከመካነ ብርሃን ቤታቸውን ጥለው የመጡ፣ ልብስ እያጠቡ የሚተዳደሩ ሴት! በአንዲት የኪራይ ክፍላቸው የገብስ ዳቦና ውሃ አቅርበው ማኅበርተኛውን ሸኙ።

በማግስቱ የበሽተኛዋን ድርሻ ራሳቸው ይዘው መጡ። ጋቢዬን ተከናነብኩ፤ ማቃሰቱም አላሳፈረኝም። እትዬ አልጋዬ ጠርዝ ላይ፣ ልክ ከጤፉ በላይ፣ ቁጭ ብለው አጎረሱኝ።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ? አይዞሽ! እኔ ሁሉን ጥዬ ስወጣ ክርስቶስን ጥዬው አልመጣሁም። ቤት የለኝም፤ እሱ አለኝ። ሸጋ ቀን ያመጣል።»

ይህን ሲሉ ይስቁ ነበር እኮ! ያኔ ብናገር ምን ነበረበት? ጉርሻውን ዋጥኩ። ጤፉንም በር ዘግቼ ብቻዬን በላሁት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። ጊዜው ከፋ አልልም፤ ለእትዬ ወርቄም ከፍቶ ነበር።

ኋላ እኔም ሥራ አጥቼ ባዶ ቤት ስቀመጥ፣ «እሱ አለኝ» የሚለው ቃል አፌ ላይ መጣ። አንዴ አልኩት፤ ደገምኩት። ለወራት ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ሥራ ፍለጋ ወጣሁ! እንዲህ ያለ ተስፋ እንዳለ ማን ነገረኝ? የዋሸኋቸው ሴት ናቸው የነገሩኝ።

ዛሬ ሃያ ሰባት ነው፤ ተራው ዞሮ ደርሶኛል! ድፎው ወጥቷል፣ ቤቱ ተጎዝጉዟል። ቄሱ ድፎውን ሳይባርኩ ተነሥቼ በሁሉም ፊት እናገራለሁ። ከማኅበሩ ያስወጡኝ ይሆናል። ያስወጡኝ።

«ቤቶች!» ይላሉ ደጅ ላይ፤ የእትዬ ወርቄ ድምፅ ነው። ግቡ፣ ግቡ! እዚያው አልጋ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ለእሳቸው አስቀድሜ ልንገራቸው።

እትዬ፣ ያን ቀን ደኅና ነበርኩ። የተቀመጡትም ጤፍ ላይ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።