ሚኤሶ ላይ የጠጣሁት ውሃ

በቀደም የዓለም የቤት ውስጥ አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶች አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ፍጻሜ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ልጄ ጓደኞቹን ሰብስቦ አዳማ ያለው ቤቴ መጥቶ ነበር። ጣሪያ ሥር ያለው መም ሁለት መቶ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሯጮቹ ሰባት ዙር ተኩል ይዞራሉ። ሁለት የኛ ልጆች ከሌሎቹ ተነጥለው ተከታትለው ሲሮጡ ቆዩና፣ መጨረሻው መታጠፊያ ላይ የኋለኛዋ በውጭ በኩል ወጥታ አለፈች። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። እኔ የማየው የተቀደመችዋን ከንፈር ነበር፤ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ።

ልጄ ተከትሎኝ፣ "እማዬ፣ ምነው? አሸነፍን እኮ!" አለኝ።

"ሽንኩርቱ እንዳያርብኝ ነው" አልኩት። ምድጃው ላይ ምንም አልተጣደም ነበር።

እኔም ሯጭ ነበርኩ። ይህን ስል ልጆቼ ይስቃሉ፤ የዛሬውን ወገቤን አይተው ነውና አልፈርድባቸውም። በደርግ ጊዜ አባቴ ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ አሰበ ተፈሪ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኖ ሲሠራ እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ዴስክ የምጋራት ፈቲያ የጫት ነጋዴው የጋሽ ዩሱፍ ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ስትሮጥ ትንፋሿ የማይሰማ። ጠዋት ጠዋት በሂርና መንገድ ዳገቱን አብረን እንሮጥ ነበር፤ ጫት የጫኑት መኪኖች አቧራቸውን አልብሰውን ያልፋሉ። እውነቱን ለመናገር ከኔ ትሻል ነበር። አሥር ጊዜ ብንሮጥ ሰባቱን ትቀድመኛለች።

የአውራጃው ትምህርት ቤቶች ውድድር ግንቦት ውስጥ ሚኤሶ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። አንደኛ የምትወጣዋ ብቻ ሐረር ሄዳ በክፍለ ሀገር ደረጃ ትወዳደራለች። ለኔ ነገሩ ሐረርን የማየት ጉጉት ነበር። ለፈቲያ ግን ሌላ ነው። አንድ የቦርደዴ ነጋዴ ሽማግሌ ልኮባታል። አባቷም "ለሐረር ካለፍሽ ትምህርትሽን ትጨርሺያለሽ፤ ካላለፍሽ ከዒድ በኋላ ኒካሽ ይታሰራል" ብለው ቆርጠዋል። ይህን አውቅ ነበር። በደንብ አውቅ ነበር።

ውድድሩ ረመዳን ላይ ዋለ። እኔ ያን ጊዜ ጉራ እወዳለሁና፣ ማንም ሳይጠይቀኝ "እኔም አብሬሽ እጾማለሁ፤ እኩል ሆነን እንሩጥ" አልኳት።

"አንቺ? አቦ ተይኝ! ወላሂ እስከ ዙህር ሶላት እንኳ አትደርሺም" ብላ ሳቀች። ቆይታ ግን ሳቋን ትታ አቀፈችኝ። በውድድሩ ቀን እናቴ የሰጠችኝን ፍርፍር ለውሻችን ደፍቼ ወጣሁ።

ወደ ሚኤሶ የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ጭነት መኪና ላይ ቆመን ስንወርድ የደጋው ብርድ ከኋላችን ቀረ፤ በየመታጠፊያው ሹራባችንን፣ ነጠላችንን እያወለቅን ሄድን። ዝናቡ ዘግይቶ ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ጠውልጓል፤ ግመሎቹ ከግራር ጥላ አይወጡም። ስንደርስ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። ሩጫው ዘጠኝ ሰዓት ነው ተባለ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብዬ ተነጠልኩ። ባቡር ጣቢያው ጓሮ አንድ ቧንቧ አለ። ጎንበስ ያልኩት አፌን ልጉመጥመጥ ብቻ ብዬ ነው። ውሃው ሞቃት ነው፤ ዝገት ዝገት ይላል። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር ግን የለም፤ ሆዴ እስኪነፋ ጠጣሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው። ከንፈሬን በቀሚሴ ጠርዝ ጠረግሁና ደረቅ እንዲመስል አቧራ ነካ አደረግሁበት።

ስመለስ ፈቲያ ግራር ሥር ተቀምጣለች። የስፖርት መምህራችን ጋሽ ታደሰ አጠገቧ ቆመው በጣሳ ውሃ ይሰጧታል። "አባትሽ ራሳቸው ፈቅደዋል። 'ከከበዳት ታፍጥር፣ ኋላ ሌላ ቀን ጾማ ቀዷ ታወጣለች' ብለውኛል" ይሏታል። ጣሳውን ተቀበለችና ቀና ብላ አየችኝ።

"ጠማሽ፣ ሙሉዬ?"

"በጣም" አልኳት።

"አባባ ፈቅዷል። ግን አንቺ ለኔ ብለሽ ጾመሽ እኔ ብቻዬን አልጠጣም። አንቺ ከጠጣሽ እጠጣለሁ። እንጠጣ?"

እንጠጣ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። መናዘዝ እንኳ አያስፈልገኝም፤ የቧንቧውን ደብቄ ከጣሳው አንድ ጊዜ ብጎነጭ እሷም ትጠጣ ነበር። እኔ ግን ሐረርን አሰብኩ።

"እኔ እችላለሁ" አልኳት።

"እንግዲያው እኔም እችላለሁ" ብላ ጣሳውን ለጋሽ ታደሰ መለሰችላቸው።

ሜዳው ከሐዲዱ አጠገብ ነው፤ መስመሩ በአመድ ተሰምሯል። ፈቲያ እንደልማዷ ከመጀመሪያው መራች። ሰዉ "ፊጊ! ፊጊ!" ይላታል፤ ሩጪ ሩጪ ማለቱ ነው። ሦስት ዙር ሙሉ ጀርባዋን እያየሁ ሮጥኩ። መጨረሻው ላይ ትንፋሿን ሰማሁት። ያን ሁሉ ጊዜ አብረን ስንሮጥ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እግሯ ከዳትና ከመስመሯ ወደ ውጭ ሄደች፤ እኔ በውስጥ በኩል አለፍኩ። የቀደምኳት በሦስት እርምጃ ነው። መሬት ላይ ተዘርራ እጄን ያዘችና "ሃላልሽ ነው፤ ይገባሻል" አለችኝ።

ሐረር ላይ ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣሁ። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ፈቲያ ቦርደዴ ነበረች።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ነርስ ሆኜ ለክትባት ቦርደዴ ስሄድ አገኘኋት። ልጆቿን ጠርታ "ይቺ ናት ለኔ ብላ የጾመችው" አለቻቸው። እየተራቸው ጉንጬን ሳሙኝ። እኔም መልሼ ሳምኳቸው።

ከዚያ ወዲህ እንደዋወላለን። በቀደምም የቴሌቪዥኑ ሩጫ ባለቀ በነጋታው ደወለችልኝ። የልጅ ልጇ ትምህርት ቤት መሮጥ ጀምራለች። "እስኪ አንቺው ንገሪያት፣ እኔን አታምነኝም" ብላ ስልኩን ሰጠቻት። ልጅቷ "እውነት ሁለታችሁም አልጠጣችሁም?" አለችኝ። "ጠብታ አልቀመስንም" አልኳት፤ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። "እኔም ለጓደኛዬ እንደዚያ አደርጋለሁ" አለች።

እስካሁን ዝም የምለው ለፈቲያ ብዬ ነው እል ነበር፤ ከዚያ ቀን የተረፋትን አንድ ጥሩ ነገር አልቀማትም ብዬ። አሁን ግን ልጅቷንም ዋሸሁ፤ ያቺም ምክንያት አለቀችብኝ። ለፈቲያ በስልክ ልነግራት ብዙ ጊዜ ሞክሬ አፌ እምቢ ስላለኝ ይኸው ጻፍኩት። ፈቲያ፣ እኔ ጠጥቼ ነበር።