የአያታችን ምንሽርና ጠመንጃ ጠጋኙ ፈንቴ

ባለፈው ወር ደብረ ታቦር ያለ አንድ ትምህርት ቤት የቆዩ ዕቃዎችን ለሕዝብ ሊያሳይ ሲዘጋጅ፣ የድሮ ተማሪዬ የነበረው ርእሰ መምህር ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ለየዕቃው ማብራሪያ የሚጽፍልን ሰው አጣን። ማብራራት ደግሞ ያንቱ ነገር ነው» አለኝ። ጡረታ የወጣ መምህር እንዲህ ሲባል ደስ ይለዋል። ሄጄ ለቀንድ ዋንጫው፣ ለሞፈሩ፣ ለብራና መጽሐፉ በየካርዱ አጠር አጠር አድርጌ ጻፍኩ። በመጨረሻ አንድ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ፊቴ አስቀመጡ። የሰደፉ እንጨት ዘይት ዘይት ይሸታል። ካርዱን ባዶውን መልሼ ተነሣሁ። ርእሰ መምህሩ ያመመኝ መስሎት ውሃ አስመጣልኝ። ሕመም አልነበረም፤ ፈንቴ ትዝ ብሎኝ ተናድጄ ነው።

ፈንቴ ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት ከደብረ ታቦር ገበያ በላይ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጠመንጃ ይጠግን ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን ዕድሜዬ ከእሱ ስላለፈ አንተ ብለው ነውር የለበትም። እንጀራው ጥገና ይሁን እንጂ ልቡ ያለው አሮጌዎቹ ላይ ነበር። ይፋግና እብናት ድረስ በእግሩ እየሄደ፣ ሰው ጣሪያ ሥር ሸጉጦ የረሳውን ውጅግራና አልቢን የሚባሉ የጥንት ጠመንጃዎች ይለቅማል። ዝገቱን በዘይት አርሶ ቀን ሙሉ ይፈገፍጋል፤ የተሰበረውን ሰደፍ በወይራ እንጨት ይተካል፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ እንደየዕድሜያቸው ይሰቅላቸዋል። ጥይታቸው ከጠፋ የቆየ ጠመንጃዎች ናቸው፤ አይሸጣቸውም። ለእነሱ የነበረው ትዕግሥት ለሰው አልነበረውም። አንድ ቀን ከግድግዳው አንዱን ልነካ እጄን ስዘረጋ፣ «ተው! እጅህ ጠመኔ አለበት» ብሎ እንደ ሕፃን አሳፈረኝ።

እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጀማሪ መምህር ነበርኩ። ቤታችን ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ፣ በእብናት በኩል ነው። በዚያ ዓመት የአጎታችንን ልጅ የገደለው ሰው ከእስር ተፈታ። ደም የመመለሱ ነገር ታላቅ ወንድሜ ሙላት ላይ ወደቀ። ማንም በአፉ አላዘዘውም፤ ጠላ ቤት ሲገባ ግን ጨዋታው ይቋረጣል። አባቴ ሽማግሌ ልከው ዕርቅ ጀመሩ። ሙላት ግን «ዕርቅም ቢሆን ባዶ ትከሻዬን አልቀርብም» ብሎ ዝጎ የኖረውን የአያታችንን ምንሽር ከጣሪያ ሥር አወረደ። እኔም አመንኩት። አባቴ ጠመንጃውን ራሳቸው ተሸክመው ለፈንቴ ሰጡት፤ እኔን ደግሞ በየሳምንቱ እንድጠይቅ አዘዙኝ።

ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናብ ሳይል ጭቃ ሳይል፣ በየቅዳሜው ሄድኩ።

«አያ ፈንቴ፣ ደረሰ?»

«አልደረሰም።»

«ባለፈው ሳምንት ለዛሬ ብለውኝ ነበር እኮ።»

«አንተስ ልጆቹን በሳምንት አስተምረህ ጨረስካቸው? ሂድ፣ ብርሃን ጋርደኸኛል።»

ቃሉን ያጠፈባቸውን ቀኖች በሙሉ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ። በመስከረም ሲያስረክበኝ ግን ምንሽሩ የእኛ አልመስል አለኝ። ብረቱ እንደ ውሃ ያበራል፤ እንጨቱ ጥቁር ቡኒ ሆኗል። ሙላት በትከሻው አድርጎት ሲሄድ ቁመቱ የጨመረ መሰለኝ።

በጥቅምት፣ በአንድ የገበያ ቀን ማለዳ፣ ሙላት የተከራየሁባት ክፍል ድረስ መጣ። ሱሪው በጤዛ ርሷል።

«አይተኩስም» አለኝ። «ምላጩን ስስበው ቀጭ ብሎ ቀረ።»

የት ሞከርከው፣ ምን ላይ ሞከርከው አላልኩትም። ማብራራት የምችለው ነገር ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ ነበር። ጋዜጣ አነጠፍኩ፤ ጠመንጃውን ፈታሁ። ጥይቱን ከኋላው የሚወጋ፣ መርፌ የሚመስል ብረት አለ። የተጠቀለለ ሽቦ ወደ ፊት ይገፋዋል፤ መርፌው ጥይቱን ካልነካ ጠመንጃው ዱላ ነው። የእኛ መርፌ ጫፉ ተሞርዶ አጥሯል፤ የሞረዱ ጭረት ገና ያብለጨልጫል። ወዲያው ደመደምኩ፤ ሌባው ፈንቴ ደህናውን መርፌ ግድግዳው ላይ ለሰቀለው ምንሽር ወስዶ ለእኛ ይሄን ጉማጅ ሰጥቶናል።

ሙላትን አስከትዬ ስሄድ ገበያው ሞልቷል። መርፌውን ከፍ አድርጌ ይዤ ደጁ ላይ ቆምኩና እንደ ክፍል ውስጥ ድምፄን አሰምቼ ጀመርኩ። ድንች ሻጮቹ ሳይቀሩ ተሰበሰቡ። ፈንቴ መርፌውን አየ፤ ሙላትን አየ።

«መምህር፣ ግባና ውስጥ እንነጋገር» አለኝ። በደህና ቃል ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው።

«እዚሁ! ሕዝብ ይስማ! አንተ ሌባ ቀጥቃጭ!»

ከአፌ ወጣ። ባለ እጅን መናቅ ኋላ ቀርነት ነው እያልኩ የማስተምረው እኔ ነበርኩ። አንዲት ሴት «ኧረ በስመ አብ!» ስትል ሰማኋት።

ፈንቴ እኔን ትቶ ወደ ሙላት ዞረ።

«አይተኩስም ያልከው ምን ላይ ሞክረኸው ነው?»

«ዝንጀሮ ላይ።»

«ዝንጀሮ ምን በላብህ? ማሳህ ገና ጥንቅሽ እንኳ የለውም። የት ነው ያደባኸው?»

ሙላት ጠመንጃውን ታቅፎ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። የዚያን ማለዳ ጤዛ ያኔ ገባኝ፤ መንገድ ዳር አድብቶ ነበር። ከእስር የተፈታው ሰውዬ በፊቱ አልፏል። ምላጩንም ስቧል።

«አባትህ ናቸው ያስሞረዱኝ» አለ ፈንቴ፣ እያንዳንዱን ቃል ወደ እኔ እየወረወረ። «እዚች በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ልጄን እንዳላጣ ጠመንጃውን አሳምረህ ግደልልኝ ብለው ለመኑኝ። ክረምቱን ያጓተትኩት ዕርቁ እስኪያልቅ ነው። አሁን ለገበያው አስተምር!»

ወሬው ከእኛ ቀድሞ መንደር ገባ። ሙላት ማድባቱን የሰውየው ዘመዶች ሰሙ፤ ሽማግሌዎቹ አፍረው ተበተኑ፤ ዕርቁ ፈረሰ። ቤታችን የሚተኩስ ጠመንጃ እንደሌለውም አገሩ ሁሉ አወቀ። ሙላት እንዳይገድሉት በሦስተኛው ቀን በሶውን ቋጥሮ ወደ መተማ፣ ወደ ሰሊጥ ሥራ ሄደ። አባታችን ሲቀበሩ እንኳ መምጣት አልቻለም።

አባቴን አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅኋቸው። ገብስ እያበጠሩ ነበር።

«ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?»

ቀና ሳይሉ መለሱልኝ። «ብነግርህ ለሙላት ታስረዳው ነበር።»

ዛሬ ሙላት መተማ ውስጥ የልጅ ልጅ አይቷል። የሰው ደም እጁ ላይ የለም፤ አገሩም የለውም። ፈንቴ ሲሞት ለቅሶው ላይ አልተገኘሁም፤ ሰዎች ታዘቡኝ። በእሱ ፈንታ ብሆን እኔም መርፌውን እሞርድ እንደነበር ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ጥላቻው ግን አልለቀቀኝም። ሰው የበደለኝ እንደሆነ ይቅር ማለት አያቅተኝም፤ ፈንቴ ግን አልበደለኝም። አባቴ በጨነቃቸው ጊዜ የተማረ ልጃቸውን አልፈው የሄዱት ወደዚያ አፈ መራራ ሰው ነው፤ ባይሳሳቱም፣ ይሄ አሁንም ያንገበግበኛል።