ስሜ በራዲዮ

ከማራኪ ወደ ፒያሳ በምሄድበት ሚኒባስ የራዲዮው አስተላላፊ፣ «ጥሩወርቅ! ኳሷን መሀል ሜዳ ላይ ይዛለች ጥሩወርቅ!» ሲል ጮኸ። የእኔ ስም ነው።

ነገሩ ሲጀመር አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ያን ሰሞን በቴሌቪዥን የምናየው አንድ ለጋ ፖርቹጋላዊ አማካይ ኳሷ ሳትደርሰው ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን ያይ ነበር። እኔም እንደሱ ስለማደርግ የሰፈር ልጆች «ፖርቹጋሏ» ይሉኝ ነበር። የታዳጊዎች አሰልጣኝ መርጦኝ የልደት ካርዴን አምጪ አለኝ። ሳጥኑን ብከፍት ካርዴ የለም። ለካ አባቴ ኳስ ለምትጫወተው ታላቅ እህቴ ሰጥቷት፣ ሌላ ከተማ ሄዳ በእኔ ስምና ዕድሜ ታዳጊ ቡድን ውስጥ ተመዝግባለች።

«ምነው ማልቀስሽ?» አለኝ አባቴ፣ በዝናብ የራሰ ካፖርቱ እየሸተተኝ። «እህትሽ ዕድሜዋ አልፏል። ላንቺ ሌላ ሸጋ ስም እናወጣልሻለን።»

እኔ ጅሏ የምሩን መስሎኝ እንባዬን ጠርጌ ስም መምረጥ ጀመርኩ። እህቴ ግን ይኸው እስከ ዛሬ በስሜ ትጫወታለች።

«ጎል! ጥሩወርቅ!» አለ ራዲዮው። ተሳፋሪው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ሳላስበው «አቤት» አልኩ።

ረዳቱ ዞሮ፣ «ወራጅ ነሽ?» አለኝ።